ስኳሩ ከእንግዴ ልጁ ጋር አልወጣም ነበር፦ በማጥባት ዘመኔ የተማርኩት

የመጀመሪያ ልጄን ነፍሰ ጡር ሳለሁ፣ በ26ኛው ሳምንት በባዶ ሆዴ የተለካው የደም ስኳሬ 104 ሆኖ ተገኘ። በእርግዝና ወቅት በባዶ ሆድ 92 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የእርግዝና ስኳር ይባላልና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣፋጭ ትቼ፣ እንጀራውን ቀንሼ፣ ማታ ማታ በእግሬ እየሄድኩ ያለ መድኃኒት ጊዜዬን አደረስኩ። ኅዳር 20 ቀን 2014 ዓ.ም. 3.9 ኪሎ የምትመዝን ሴት ልጅ በሰላም ተገላገልኩ። የዚያን ዕለት ለራሴ ያልኩት፣ ስኳሩ ከእንግዴ ልጁ ጋር ወጣ፣ ከእንግዲህ የፈለግሁትን እበላለሁ ነበር። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት ይህ አስተሳሰብ ስላሳሳተኝ፣ ከዚያም ስሕተቴን አርማለሁ ብዬ ከመጀመሪያው የባሰ ስሕተት ውስጥ ስለገባሁ ነው።

ገና በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነርሶቹ ከተረከዟ ጠብታ ደም እየወሰዱ ስኳሯን ሁለት ሦስት ጊዜ ለኩ። እናቱ የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሕፃን በማሕፀን ሳለ በእትብቱ በኩል ብዙ ስኳር ስለሚደርሰው ቆሽቱ የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን በብዛት ማመንጨት ይለምዳል፤ እትብቱ ሲቆረጥ ስኳሩ ወዲያው ይቋረጣል፣ ኢንሱሊኑ ግን ለጊዜው ይቀራል፣ በዚህም የተነሣ የሕፃኑ የደም ስኳር ሊያሽቆለቁል ይችላል። እናቴ በበኩሏ እንደ አገሯ እንደ መንዝ ወግ ለጋ ቅቤ በጣቷ ይዛ ሕፃኗን ልታልሳት ተዘጋጅታ ቆማ ነበር። አዋላጇ ሲስተር እጇን በትሕትና መለስ አድርገው፣ «እማማ፣ እንገሩ ይቅደም» አሉና ልጄን ደረቴ ላይ አስተኟት። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጠባች፣ ስኳሯም አልወረደም። የእርግዝና ስኳር ያለባችሁ እህቶቼ፣ እንገሩ ቢጫና ጥቂት ነው ብላችሁ አትጣሉት፤ በዚያች ሰዓት ለልጃችሁ ከእሱ የተሻለ ነገር የለም።

ከዚያ አራስ ቤት ገባሁ። የወለደ ሁሉ እንደሚያውቀው ጧት ገንፎ በቅቤና በበርበሬ፣ ረፋድ ላይ በማር የጣፈጠ አጥሚት፣ ከሰዓት በኋላ ሙቅ፣ ማታ ደግሞ ዶሮ ይቀርባል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት የሚመጣው ሰው ባዶ እጁን አይመጣምና በአልጋዬ ሥር ለስላሳ በሳጥን በሳጥን ተደረደረ። ጣፋጭ ነገር ወተት ያወርዳል ይባላል፤ እኔም ለወራት ጣፋጭ የተከለከልኩ ሴት ስለነበርኩ ይህን ለማመን ብዙም አልተቸገርኩም። በቀን ሁለት፣ አንዳንድ ቀን ሦስት ጠርሙስ እጠጣ ነበር። አንዱ ጠርሙስ ከ30 ግራም ያላነሰ ስኳር ይይዛል፣ ይህም ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ ማለት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአዋቂ ሰው በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር ከቀን ምግቡ ጉልበት ከአሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ፣ ቢቻል ግማሹን፣ ማለትም ወደ 25 ግራም ገደማ እንዲሆን ይመክራል። እኔ ማሩንና የሻዩን ስኳር ሳልቆጥር የሁለትና የሦስት ቀኑን በአንድ ቀን እጨርስ ነበር ማለት ነው። ገንፎውን ግን አልከስም። የገብስ ገንፎ ስኳሩን ቀስ እያለ ወደ ደም የሚለቅ፣ ቃጫ ያለው ምግብ ነው፤ ጥፋቱ ከጎኑና ከላዩ የተጨመረው ነበር።

ልጄ በ45 ቀኗ ለክትባት ስትመዘን 5.8 ኪሎ ሆነች። ወረፋ የሚጠብቁት እናቶች ሁሉ ጉንጯን አይተው መረቁኝ፣ እናቴም በኩራት ፈካች። ክትባት የሰጠችው ነርስ ብቻ የእድገት ካርዱን ለአፍታ አየት አድርጋ፣ «አንቺስ ስኳርሽን ከወለድሽ በኋላ ተለክተሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። አልተለካሁም ነበር። የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት ከወለደች ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥታ መመርመር እንዳለባት፣ ምክንያቱም ወደፊት በዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች ሴቶች በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ነገረችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፣ ልጅ ታቅፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ ረሳሁትም። ከሁሉም ስሕተቶቼ የምቆጭበት ይህ ነው፤ የልጄን ክብደት በየወሩ ስቆጥር የራሴን ደም ግን አላየሁትም።

የነርሷ አስተያየት ግን በሌላ መንገድ በልቤ ቀርቶ ነበር። ሌሊት ሌሊት ሳጠባ ስልኬን ይዤ የአጥቢ እናት አመጋገብና የልጅ ውፍረት እያልኩ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት አስደነገጠኝ። በማጥባት ጊዜ ቅባት የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው አይጦች የሚያጠቧቸው ግልገሎች ይወፍራሉ፣ የደም ስኳራቸውም ይዛባል፤ ከጤናማ እናት የተወለደ ግልገል እንኳ እንዲህ ያለች አይጥ ብታጠባው ያው ይደርስበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት ደግሞ በ25 እናቶች ወተት ውስጥ ፍሩክቶስ የሚባለው የስኳር ዓይነት በጥቂቱ ተገኝቶ፣ መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥር ስድስት ወር የሞላቸው ልጆቻቸው ክብደትና ስብም ከፍ ብሎ ታይቷል። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሌላ ጥናት አንዲት አጥቢ እናት ጣፋጭ ለስላሳ ከጠጣች በኋላ በወተቷ ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ ጨምሮ ለአምስት ሰዓት ያህል ከፍ እንዳለ እንደሚቆይ አሳየ። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት፣ እንቅልፍ ያጣች ሴት ይህን ስታነብ ምን ብላ እንደምትደመድም መገመት አያዳግትም። ልጄን በገዛ ጡቴ እየመረዝኳት ነው አልኩ።

የካቲት 10 ቀን ክርስትና ተነሣች፣ የካቲት 21 ቀን ደግሞ ዐቢይ ጾም ገባ። ለፍርሃቴ ጥሩ ሽፋን አገኘሁ። ለስላሳውን ማቆሜ ልክ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ አላበቃሁም። ገንፎውን፣ እንጀራውን፣ ዘይቱን ሁሉ ተውኩ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ ውዬ ማታ ጎመንና ሰላጣ እበላለሁ። የንስሐ አባቴ ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ሆን ብዬ አልጠየቅኋቸውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ብድግ ስል ዓይኔ ይጨልም ጀመር፣ ጡቴም ቀለለ። ልጄ ጡት ይዛ ትታገልና ትጮኻለች። አማቴ ጩኸቷን ሲሰሙ በቅንነት የዱቄት ወተት በጡጦ ይዘው መጡ፤ እኔም ቢያንስ የፋብሪካው ወተት ውስጥ የእኔ ጥፋት የለበትም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጡጦ በጠጣች ቁጥር ጡት መያዝ ትቀንሳለች፣ ባልጠባች ቁጥር ደግሞ ወተቱ ይቀንሳል። በ14ኛው ሳምንት 7.2 የነበረው ክብደቷ ከአንድ ወር በኋላ 7.3 ብቻ ሆነ።

ያን ቀን መዛኟ ካርዱን አይታ ዝም አለችና በጤና ጣቢያው ወዳሉት የሥነ ምግብ ባለሙያ መራችኝ። እኚህ ሲስተር ስለ ልጄ ምንም ከመጠየቃቸው በፊት፣ «ትናንት ከእንቅልፍሽ ከነቃሽ ጀምሮ የበላሽውን አንድ በአንድ ንገሪኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው። በወረቀት ላይ ጻፉት፤ ሦስት መስመር እንኳ አልሞላም። ወረቀቱን ወደ እኔ አዙረው፣ «የኔ እናት፣ በዚህ ነው ሁለት ሰው የምታኖሪው?» አሉኝ። አለቀስኩ፤ ቀጥሎም ሌሊት ያነበብኩትን፣ ስለ አይጦቹም ጭምር፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። አልሳቁብኝም። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፣ ምክንያቱም የነገሩኝ ነገር ያኔ ቀደም ብሎ ቢደርሰኝ ኖሮ ያን ሁሉ ባልሆንኩ ነበር።

በመጀመሪያ የነገሩኝ በወተት ውስጥ ስለማይለወጠው ነገር ነው። የጡት ወተት ዋናው ስኳር ላክቶስ ሲሆን በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ወደ 7 ግራም ገደማ ይገኛል፤ እናትየው ማር ብትልስም ጎመን ብቻ ብትበላም ይህ ብዙም ንቅንቅ አይልም። ፕሮቲኑም እንዲሁ፣ ወደ 1 ግራም ነው። ካልሲየሙና ብረቱም የዕለት ምግቧን እየተከተሉ ከፍ ዝቅ አይሉም፤ ካልሲየም ከምግቧ ከታጣ ከአጥንቷ ይወሰዳል። ስለዚህ እኔ ራሴን ሳስርብ የልጄን ወተት ስኳር አልቀነስኩም፣ የቀነስኩት መጠኑን ነው። አንዲት ልጅ በቀን ወደ 750 ሚሊ ሊትር ትጠባለች ብንል ለላክቶሱ ብቻ ከእናቷ ደም 50 ግራም ያህል ስኳር ይወጣል፤ ማጥባት በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ጉልበት የሚፈጅ ሥራ ነው። ይህ ለእኔ ዓይነቷ ሴት መድኃኒት ማለት ነበር፤ የእርግዝና ስኳር ኖሯቸው አብዝተው የሚያጠቡ እናቶች ከማያጠቡት ይልቅ በኋላ በስኳር በሽታ የመያዛቸው ዕድል ቀንሶ ታይቷል። እኔ ግን ጡጦውን ባበዛሁ ቁጥር ይህን መድኃኒት እየጣልኩ ነበር።

ቀጥለው የሚለወጠውን ነገሩኝ። የወተቱ ስብ ብዛቱ ሳይሆን ዓይነቱ እናትየው የምትበላውን ይከተላል፣ ያውም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ። የሚረጋ የፓልም ዘይትና ተደጋግሞ በፈላ ዘይት የተጠበሰ ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ ስትበላ አንድ ዓይነት፣ ኑግ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ዓሣ ስትበላ ሌላ ዓይነት ስብ ለልጇ ይደርሳል። አዮዲን፣ ቫይታሚን ኤና ብዙዎቹ የቢ ቫይታሚኖች፣ በተለይ ቢ12፣ እናትየው ካጣቻቸው ወተቱም ያጣቸዋል፤ ቢ12 ደግሞ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነውና የ55 ቀኑን ጾም መያዜን ሲሰሙ የተቆጡት ለዚህ ነበር። የእናትየው የደም ስኳር ከፍ ሲል በወተቷ ውስጥ ያለው ግሉኮስና ኢንሱሊንም በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ለስላሳው የሚያመጣው ፍሩክቶስም እውነት ነው። ስለዚህ ያነበብኩት ሐሰት አልነበረም። ጥፋቴ መጠኑን አለማወቄ ነው፤ በ25 እናቶች ላይ የታየ ነገር ጣፋጭ መጠጥ እንድተው ይበቃኛል፣ ማጥባቴን እንድጠላ ግን አያበቃኝም።

ስለ አይጦቹ የሰጡኝ መልስ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። አይጥ ስትወለድ ያልበሰለች ናት፤ ረሃብና ጥጋብን የሚቆጣጠረው የአንጎሏ ክፍል የሚያያዘው ከተወለደች በኋላ፣ በምትጠባባቸው ሳምንታት ነው። በሰው ልጅ ይህ ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው በማሕፀን፣ በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ነው። «አንቺ በስድስተኛው ወር ስኳርሽን አውቀሽ መቆጣጠር ስትጀምሪ የአይጧን የማጥባት ጊዜ ጠብቀሽላታል» አሉኝ። ስለ ልጄ ያዘንኩበትን ያህል የተጽናናሁት በዚያች ዓረፍተ ነገር ነው።

ጡጦውም ቢሆን እኔ እንዳሰብኩት ንጹሕ መሸሸጊያ አልነበረም። ብዙውን ጊዜ የዱቄት ወተት ከጡት ወተት የበዛ ፕሮቲን አለው፤ በአውሮፓ በተደረገ ሰፊ ጥናት ፕሮቲኑ ከፍ ያለ የዱቄት ወተት የጠጡ ሕፃናት፣ ዝቅ ያለውን ከጠጡት ይልቅ ወፍረው ተገኝተዋል። ከዚህም በላይ ጡት የምትጠባ ልጅ ስትጠግብ ፊቷን ታዞራለች፣ በጡጦው ውስጥ የቀረውን ግን አማቴ «ከሚደፋ» እያሉ እስከ መጨረሻው ያጠጧት ነበር። መቼም ለዚህ የሚወቅሳቸው የለም፤ ፊደል የቆጠርኩት እኔም ያው ነበርኩ።

በዚያው ዕለት በባዶ ሆዴ ተለካሁ፣ 112 ሆነ። ከ100 እስከ 125 ያለው በሽታ አይባልም፣ ደኅና ነውም አይባልም፤ በሁለቱ መካከል ያለ ማስጠንቀቂያ ነው። በማግሥቱ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጅሽን ማጥባትሽ ጾምሽ ነው፣ ሂጂና ብዪ» አሉኝ እንጂ ሌላ አልተናገሩም።

ወተቱን ለመመለስ አሥራ ሁለት ቀን ያህል ፈጀብኝ። የረዳኝን ልንገራችሁ። ጡጦውን በአንድ ጊዜ ከመከልከል ይልቅ በየሁለት ቀኑ አንድ አንድ ጊዜ እየቀነስኩ፣ ከእያንዳንዱ ጡጦ በፊት ሁለቱንም ጡቶች አጠባት ነበር። ሌሊት ማጥባትን አላቋረጥኩም፣ ወተት እንዲመነጭ የሚያደርገው ሆርሞን ሌሊት ይበረታልና። ልብሷን አውልቄ ገላዋን ከገላዬ ጋር አድርጌ መያዜም ብዙ ረዳኝ። ቁርስን ፈጽሞ አላልፍም፤ አንድ ቀን የገብስ ገንፎ በእርጎ፣ አንድ ቀን እንቁላል ከአንድ ቁራጭ ዳቦ ጋር። ምሳ ላይ አንድ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ ከጎኑ ጎመን፤ በመክሰስ ሰዓት ቆሎ ወይም ባቄላ፤ ማታ ቀለል ያለ። ለጥማት ውሃ፣ ሻዩን ያለ ስኳር፣ አንዳንዴ የተልባ ውሃ ያለ ማር። ለወጥ አዮዲን ያለው ጨው ብቻ። ከምሳ በኋላ ልጄን አዝዬ ለሃያ ደቂቃ እንቀሳቀሳለሁ። እናቴ አብሽ ታፈላልኝ ነበር፤ አብሽ የደም ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ግን ለሐኪማችሁ ሳትናገሩ አታዘውትሩት። በተለይ ኢንሱሊን የምትወጉ እናቶች ማጥባት ራሱ ስኳራችሁን ሊያወርድ ይችላልና ከማጥባታችሁ በፊት ቀመስ የምታደርጉት ነገር ከአጠገባችሁ አይጥፋ።

ልጄ ስድስት ወር ስትሞላ 8 ኪሎ ሆነች፣ በካርዱ ላይ ያለው መስመሯም ወደ ራሱ መንገድ ተመለሰ። ተጨማሪ ምግብ ስንጀምር በገንፎዋ ውስጥ ስኳርም ማርም አልገባም። እስከ ሁለት ዓመቷ አጠባኋት።

ወንድሟን የወለድኩት በ2017 ዓ.ም. ነው። የእርግዝና ስኳሩ ዳግመኛ መጣ፤ ይህን ስለምጠብቀው አልደነገጥኩም። በዚህኛው አራስነት ከእናቴ ጋር አስቀድመን ተነጋገርን። ማር ከአጥሚቱ እንደሚወጣ ስነግራት፣ «እና ምኑን አጥሚት ሆነ!» ብላ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ። መለኪያውን አምጥቼ ፊት ለፊቷ ተለካሁላት፤ ማር ያለበትን አጥሚት ከጠጣሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ 171፣ በማግሥቱ ገንፎ በእርጎ ከበላሁ በኋላ 128። መነጽሯን አድርጋ ቁጥሮቹን ደጋግማ አየቻቸው፣ ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም፤ እንዲያውም በሦስተኛው ቀን ለጎረቤት አራስ ስታስረዳ ሰማኋት። በገንፎው መሐል የሚፈሰውን ቅቤ ግን ሙሉ በሙሉ ላስተዋት እንደማልችል ስለማውቅ በአንድ ማንኪያ ተስማማን። የጠያቂዎቹን ነገር ለታላቅ እህቴ ተውኩት፤ እሷ ማፈር የማታውቅ ሰው ናት፣ ስልክ ለሚደውል ሁሉ «ለስላሳ እንዳታመጡ፣ እንቁላል አምጡ» ትል ነበር። አልጋዬ ሥር በሳጥን ፋንታ ሦስት ትሪ እንቁላል ተደረደረ።

በስምንተኛው ሳምንት ልጁን ለእናቴ ትቼ ለምርመራ ሄድኩ። ያን የሚያቅለሸልሽ የግሉኮስ ውሃ ጠጥቼ ሁለት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ ጡቴ ሞልቶ ልብሴን አረጠበው። ውጤቱ 131 ሆነ፣ ከ140 በታች። ሐኪሙ በየዓመቱ እንድመለስ ቀን ጽፎ ሰጠኝ፤ ወረቀቱን ከልጆቼ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ አኑሬዋለሁ፣ የእነሱን ሳወጣ የእኔም አብሮ እንዲወጣ።